ስለ አፍ ላይከን ፕላነስና ስለ ቈራጮቹ ኤንዛይሞች
(በተማሪዎች ኅብረት የሳይንስ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ምሽት ንግግር እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ስለ ወባ ብንናገር ይሻላል ብለው ነበር። አሳባቸው ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው የሚገድል በሽታ ብዙ አድማጭ ያገኛል። እኛ ግን በመጨረሻ የተስማማንበት ሰውን እምብዛም የማይገድል፤ ነገር ግን እንጀራን ከነወጡ የሚያስጠላ አንድ የአፍ ሕመም ነው። የመረጥነውም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፤ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ፈንገስ ነው ሲባል፤ የቫይታሚን እጥረት ነው ሲባል፤ ከዚያም ካንሰር ይሆናል ተብሎ ሲፈራ ስሙን ሳይሰማ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። ሁለተኛ፤ በዚህች በምታህል ነጭ መስመር ሥር የሕይወት ኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ጥያቄ አለ። የሰውነት ጠባቂ የሆኑት ሕዋሶች በገዛ ቤታቸው ላይ ሲነሡ ግድግዳውን የሚቈርጠው መሣሪያ የትኛው ነው? ከሰገባውስ ማን አወጣው?

በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሕመሙ ላይከን ፕላነስ ይባላል። በዚህ ስም የገለጠው እንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም ኢራስመስ ዊልሰን ሲሆን ዘመኑም 1869 ነበር። ላይከን ማለት በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጥፎ የምናየው ግራጫ በቀል ነው፤ ፕላነስ ደግሞ በላቲን ጠፍጣፋ ማለት ነው። ሕመሙ ከዚያ በቀል ጋር በመልክ ከመመሳሰል በቀር አንዳች ዝምድና የለውም። ተላላፊም አይደለም። ይህን ደግመን እንናገረዋለን፤ አይተላለፍም። ይህ ሕመም ያለባት እናት ልጅዋን ብታጐርስ፤ ባልና ሚስት ከአንድ ብርጭቆ ቢጠጡ የሚያሰጋቸው ነገር የለም።

በ1895 ፈረንሳዊው ሉዊ ፍሬዴሪክ ዊካም በቆዳ ላይ ባሉት እብጠቶች ፊት ላይ የሚታዩትን ነጫጭ መስመሮች ገለጠ፤ እስከ ዛሬም የዊካም መስመሮች እየተባሉ ይጠራሉ። ሕመሙ በቆዳ ላይ ሲወጣ ያሳክካል፤ ብዙውን ጊዜም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠፋል። በአፍ ውስጥ ሲሆን ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ለዓመታት፤ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይቈያል። ከመቶ ጎልማሶች አንዱን፤ ቢበዛ ሁለቱን እንደሚይዝ ይገመታል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያበዛል፤ በይበልጥም በ30 እና በ60 ዓመት መካከል ያሉትን ነው።

መልኩን እንግለጥ። በሁለቱ ጉንጮች ውስጠኛ ገጽ ላይ ነጭ ክር እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፎ ይታያል። ምላስንና ድድንም ይይዛል። በጨርቅ ቢጠርጉት አይለቅም፤ በዚህም በፈንገስ ምክንያት ከሚመጣው ነጭ ልባጭ ይለያል። በአገራችን ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ከግምት ማስገባት ያስፈልጋል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ጫቱን በሚይዙበት በኩል ጉንጫቸው ነጭ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ነው። ላይከን ፕላነስ ወደ ሁለቱም ወገን ይመለከታል። ከዚህም ሌላ እንደ እኛ ጠቈር ባለ ሰው አፍ ውስጥ ብግነቱ በቈየበት ሥፍራ ቡናማ ወይም ጥቁር ጥላ ትቶ ማለፉ የተለመደ ነው። በነጭ ሰው አፍ ሥዕል ብቻ የተማረ ሐኪም ይህን ጥላ ሌላ በሽታ አድርጎ ሊያየው ይችላልና ልብ ማለት ይገባል።

ነጩ ድር ብቻውን ሲሆን ብዙ ሰው አያመውም፤ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። መከራው የሚመጣው ሽፋኑ ሳስቶ ሲቀላ፤ ከዚያም ተልጦ ቁስል ሲሆን ነው። በዚያን ጊዜ በርበሬ እሳት ይሆናል። ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ ትኩስ ሻይ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ያቃጥላል። እንግዲህ አስቡት፤ በሌላ አገር ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ «ቅመም የበዛበት ምግብ ተው» ማለት ቀላል ምክር ነው። በእኛ ዘንድ ግን ይህ ማለት ከቤተ ሰቡ ማዕድ ተነሥተህ ብቻህን አልጫ ብላ ማለት ነው። ፆም በሆነ ጊዜ ሽሮው እንኳ በርበሬ አለበት። ስለዚህ ነገሩ ጥቃቅን ነው የሚለንን ሰው አንቀበለውም።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ እንሂድ። ከታመመው ሥፍራ በጣም ጥቂት ሥጋ ተቈርጦ፤ ተቀልሞ ሲታይ ሦስት ነገር ዓይን ይስባል። ከሽፋኑ በታች ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶች እንደ መቀነት ጥቅጥቅ ብለው ተሰልፈዋል። ከነርሱ በላይ ያለው የሽፋኑ የመጨረሻ ረድፍ፤ ማለት ለሌሎቹ ሁሉ መነሻ የሆኑት የመሠረት ሕዋሶች፤ ፈራርሰዋል፤ አንዳንዶቹም ሞተው ክብ ሆነው ቀርተዋል። ሦስተኛው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የመሠረት ሽፋን እዚህም እዚያም ተበጣጥሷል። ይህ የመሠረት ሽፋን እጅግ ስስ ነው። አራተኛ ዓይነት የሚባለው ኮላጅንና ሌሎችም ፕሮቲኖች እንደ ሰሌን ተጠላልፈው የሠሩት ምንጣፍ ነው ብንል አልተሳሳትንም። የላይኞቹ ሕዋሶች በዚህ ሰሌን ላይ ቆመዋል፤ ሊምፎሳይቶቹ ከሰሌኑ በታች ናቸው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይጀምራል። ሰሌኑ ደኅና በሆነ ጊዜ የሊምፎሳይት መንጋ እንደ ልቡ አያልፈውም። ገዳዩ ከታች፤ ሟቹ ከላይ፤ በመካከላቸውም አጥር አለ። ታዲያ አጥሩን ማን ቀደደው?

መልሱን ለማግኘት ለጊዜው ከሰው አፍ ወጥተን ወደ እንቁራሪት መሄድ አለብን። በ1962 ጄሮም ግሮስና ሻርል ላፒየር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ የልጅ የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ። የእንቁራሪት እጭ ስታድግ ጅራትዋ ወዴት ይሄዳል? ጅራቱ ተቈርጦ አይወድቅም፤ ከሰውነትዋ ውስጥ ይሟሟል። ይሁን እንጂ ጅራቱን ያቆመው ኮላጅን እጅግ ጠንካራ ፕሮቲን ነው፤ ተራ ኤንዛይም በቀላሉ አይደፍረውም። እነርሱም ከጅራቱ ቈራርጠው በኮላጅን ዝልግልግ ላይ ቢያኖሩት ዝልግልጉን ሲያሟሟው አዩ። እንዲህ ሆኖ በእንስሳት አካል ኮላጅንን የሚቈርጥ ኤንዛይም ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ወገኖቹ ተቈጥረው በሰው ብቻ ከ20 በላይ ሆነዋል። በጠቅላላው ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ ይባላሉ፤ በአጭሩ ኤም ኤም ፒ እንላቸዋለን። ሜታል የተባለውም በመቍረጫቸው አፍ ላይ አንዲት የዚንክ አቶም ስላለች ነው። ያለ ዚንክ ይደነዝዛሉ።

እነዚህ ኤንዛይሞች በባሕርያቸው ክፉዎች አይደሉም። ቁስል ሲድን፣ ፅንስ ሲያድግ፣ አጥንት ሲታደስ አሮጌውን የሚያፈርሱ እነርሱ ናቸው። ስለ ሆነም ሰውነት በነጻ አይለቃቸውም። መጀመሪያ ሲሠሩ ሰይፉ በሰገባው ነው፤ ከራሱ ከፕሮቲኑ የሆነ ጭራ ተጠምዝዞ ሲስቲን በሚባለው አሚኖ አሲድ ዚንኳን ይሸፍናታል። ያ ጭራ ሲቈረጥ ወይም ሲነቀል ብቻ ኤንዛይሙ ይነቃል። ይህን አሠራር ቫን ዋርትና ቢርከዳል ሃንሰን በ1990 የሲስቲን ማብሪያና ማጥፊያ ብለው ገልጠውታል። ከነቃም በኋላ ቲምፕ የሚባሉ አራት ዓይነት ትንንሽ ፕሮቲኖች አሉ፤ በመቍረጫው አፍ ላይ ገብተው ይወተፉበታል። እንግዲህ ሦስት ነገር መለየት ያሻል፤ ኤንዛይሙ መኖሩ፣ መንቃቱ፣ ያልተወተፈ መሆኑ። ይህን ሦስት ነገር የማይለይ ሰው ስለ ኤንዛይም ሥራ መናገር አይችልም፤ እኛም ራሳችን ይህን ንግግር ስናዘጋጅ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ተሳስተን ነበር።

በአፍ ላይከን ፕላነስ ውስጥ ዋናው ተጠርጣሪ ኤም ኤም ፒ 9 ነው። ጄላቲኔዝ ቢ የሚል ሌላ ስምም አለው። የመሠረቱን ሰሌን የሠራውን አራተኛ ዓይነት ኮላጅን መቍረጥ ይችላል። በ2001 በአውስትራልያ ብሪዝበን የሠሩት ዦው፣ ሹገርማንና ባልደረቦቻቸው ከሕመምተኞች አፍ የተወሰደውን ሥጋ በመረመሩ ጊዜ ኤም ኤም ፒ 9 ከብግነቱ ሕዋሶች መንጋ ጋር፤ ማለት ከሽፋኑ በታች፤ ሆኖ አገኙት። ከዚያም ከቁስሉ ውስጥ ቲ ሊምፎሳይቶችን አውጥተው በብርጭቆ አሳደጉ። ሕዋሶቹ ኤም ኤም ፒ 9ን ያመነጩ ነበር። ቲ ኤን ኤፍ አልፋ የሚባለውን የብግነት መልእክተኛ በጨመሩላቸው ጊዜ ኤም ኤም ፒ 9 በዛ፤ ወታፊው ቲምፕ 1 ግን አብሮ አልበዛም። ቍም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሰይፉ ሲበዛ ወታፊው ባይበዛ፤ ሚዛኑ ወደ መቍረጥ ያዘነብላል።

የኤንዛይሙን ሥራ በምን ያዩታል የሚል ጓደኛ ይኖራል። ዛይሞግራፊ የሚባል ዘዴ አለ። በ1980 ሆይሰንና ዳውድል የተባሉ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አሳተሙት፤ አፍሪቃ ውስጥ የተሠራ መሆኑን ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም። ጄላቲን፤ ማለት ከቆዳና ከአጥንት ኮላጅን ተቀቅሎ የሚወጣው፤ ከዝልግልጉ ሰሌዳ ጋር ይደባለቃል። ናሙናው በኤሌክትሪክ ኀይል በሰሌዳው ውስጥ ይነዳል፤ ትንሹ ሩቅ ይሄዳል፤ ትልቁ ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ ሳሙና መሰሉ ኬሚካል ታጥቦ ሰሌዳው ካልሲየም ባለበት ውሃ ውስጥ በ37 ዲግሪ ሙቀት ያድራል። ጠዋት በሰማያዊ ቀለም ሲነከር ጄላቲኑ ባለበት ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል፤ ኤንዛይሙ የበላው ሥፍራ ግን ነጭ ሽንትር ሆኖ ይቀራል። ዓይን ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ነገር ግን ደስ ያሰኘን ነገር እንዳያታልለን! ሳሙና መሰሉ ኬሚካል ያንን የተጠመዘዘ ጭራ ስለሚፈታው በሰገባው የነበረው ኤንዛይም ሰሌዳው ላይ ይነቃና ጄላቲን ይበላል። ስለዚህ በ92 ሺህ ዳልተን ግድም የሚታየው ሽንትር የተኛው ኤምኤምፒ ነው፤ የነቃው ከርሱ ዝቅ ብሎ ይታያል። ጀማሪ ተማሪ ሁለቱን ደምሮ «ሥራው በዝቷል» ይላል። እንዲሁም ቲምፕ በሰሌዳው ላይ ከኤንዛይሙ ይለያል። ስለ ሆነም ሰሌዳው የሚነግረን ኤንዛይሙ ቢለቀቅ ምን ያህል ሊቈርጥ እንደሚችል ነው። በሰውዬው ጉንጭ ውስጥ ትናንት ምን ያህል እንደ ቈረጠ አይነግረንም። እኛ ስለ ብግነት ኤንዛይሞች የሚጻፈውን ስናነብ ብዙ ጊዜ የሚጐድለው ይህ ጥንቃቄ ነው። ሰይፍ በቤቱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይባልም፤ ዳኛው ደሙን ይጠይቃል።

የሆነ ሆኖ ኤም ኤም ፒ 9ን ከሰገባው ማን ያወጣዋል ለሚለው ጥያቄ የሚረዳ ሌላ ምስክር አለ። ማስት የሚባሉት ሕዋሶች በሆዳቸው ፍሬ ፍሬ መሳይ ከረጢት ተሸክመው የሚኖሩ ናቸው፤ በከረጢቱም ውስጥ ሂስታሚን፣ ቲ ኤን ኤፍ አልፋ፣ እንዲሁም ካይሜዝና ትሪፕቴዝ የሚባሉ ሁለት ፕሮቲን ቈራጮች አሉ። በአፍ ላይከን ፕላነስ ከማስት ሕዋሶቹ 60 ከመቶ ያህሉ ከረጢታቸውን ዘርግፈው ይገኛሉ፤ በጤነኛ ጉንጭ ውስጥ ግን 20 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ካይሜዝ የመሠረቱን ሽፋን ራሱ ይጎዳል፤ ከዚህም በላይ የኤም ኤም ፒ 9ን ጭራ ቈርጦ ሊያነቃው ይችላል። ቲ ሊምፎሳይቱ ሰይፉን ያመጣል፤ ማስት ሕዋሱ ከሰገባው ይመዘዋል። ሊምፎሳይቶቹ ደግሞ በበኩላቸው ማስት ሕዋሶችን የሚጠራና የሚያስዘረግፍ መልእክት ይልካሉ። እርስ በርሳቸው ይጠራራሉ ማለት ነው።

አጥሩ ከተቀደደ በኋላ የሚሆነው አጭር ነው። ሲዲ 8 የሚባሉት ገዳይ ሊምፎሳይቶች ወደ ላይ ይዘልቃሉ። ፐርፎሪን በሚባለው ፕሮቲን የመሠረት ሕዋሱን ይበሱታል፤ ግራንዛይም ቢ የተባለውንም ኤንዛይም ያስገቡበታል። ግራንዛይም ቢ ሕዋሱን በጡጫ አይገድለውም። በውስጡ ተኝተው የነበሩትን ካስፔዝ የሚባሉ ኤንዛይሞች ይቀሰቅስና ሕዋሱ ራሱን በራሱ ፈታትቶ እንዲሞት ያደርገዋል። እነሆ ሌላ ኤንዛይም፤ ሌላ ሰገባ። ሊምፎሳይቱ ያንን ሕዋስ ጠላት ያስመሰለበት ምክንያት፤ ማለት የመጀመሪያው ጠሪ፤ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በአንዳንድ ሰው ላይ ከጥርስ መሙያ አማልጋም ጋር መነካካት ወይም የሚወሰድ መድኃኒት ተመሳሳይ ቁስል ያስነሣል፤ ያ ግን ላይከኖይድ ተብሎ ለብቻው ይቈጠራል፤ ምክንያቱም ሲወገድ ሊድን ይችላል። ከሄፓታይተስ ሲ ጋር ዝምድና እንዳለውም በብዙ አገሮች ታይቷል።

አሁን ወደ ልባችን ነገር ደርሰናል። ይህ ሕመም ለምን አይለቅም? ጉንፋን ይለቃል፤ የምላስ ንክሻ ይድናል፤ ይኸ ግን ዓመት እስከ ዓመት ይነዳል።

የብሪዝበኖቹ ሰዎች ያቀረቡት አሳብ እንዲህ ነው። የመሠረት ሕዋሱ በሕይወት የሚኖረው ሰሌኑ ላይ ቆሞ ነው፤ ከሰሌኑ በእግሩ በኩል «ኑር» የሚል ምልክት ያገኛል። ሰሌኑ ከተቀደደ ያ ምልክት ይቋረጣል፤ ሕዋሱም ገዳይ ባይመጣበት እንኳ መሞት ይጀምራል። በሌላ በኩል ሰሌኑን ሠርቶ፤ ሲያረጅም ጠግኖ የሚያኖረው ያው የመሠረት ሕዋሱ ነው። ሕዋሱ ከሞተ ሰሌኑን የሚጠግነው የለም። እንግዲህ ሰሌኑ ስለ ተቀደደ ሕዋሱ ይሞታል፤ ሕዋሱ ስለ ሞተ ሰሌኑ ተቀዶ ይቀራል፤ በተቀደደውም በኩል አዲስ ሊምፎሳይት ይገባል። ቀለበቱ ይዞራል። የመጀመሪያው ጠሪ ሄዶ ቢሆንም ቀለበቱ በራሱ ኀይል ሊቀጥል ይችላል።

ይህ አሳብ ያማረ ነው፤ እኛም ወደነዋል። ግን መላ ምት መሆኑን መሰወር አይገባንም። እያንዳንዱ ቍራጭ በየብቻው ታይቷል፤ ቀለበቱ በሙሉ ሲዞር በሕያው ሰው ጉንጭ ውስጥ ያየው የለም። እንዲህ ያለ አሳብ የሚፈተነው ከቀለበቱ አንዱን ቦታ ቈርጦ ሕመሙ ይቆም እንደ ሆነ በማየት ነው።

ተሞክሯል ወይ? በከፊል። ስለ ኮክስ 2 አስቀድመን እንናገር። ይህ ኤንዛይም ፕሮስታግላንዲን የሚባሉትን የሕመምና የመቅላት ኬሚካሎች ይሠራል፤ በላይከን ፕላነስ ቁስል ውስጥም በዝቶ ተገኝቷል። ጆን ቬን በ1971 አስፕሪን የፕሮስታግላንዲንን ሥራ እንደሚያግድ አሳየ፤ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በዚህ ወገን ላደረገው ሥራ ነው። ታዲያ ኮክስ ከበዛ የኮክስ ማገጃ እንስጥ ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እነዚያው የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች፤ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉት፤ ራሳቸው ላይከኖይድ ቁስል ከሚያስነሡት መካከል ይቈጠራሉ! በቁስል ውስጥ በዝቶ የተገኘ ሁሉ ምክንያት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

ኤም ኤም ፒን ማገድስ? ሎርን ጎሉብና ባልደረቦቹ በ1983 የቴትራሳይክሊን ወገን መድኃኒት ተሕዋስን ከመግደሉ ሌላ በድድ ውስጥ ኮላጅን ቈራጩን ኤንዛይም እንደሚያደክም አሳዩ። በዚህ መንገድ 20 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን፤ ማለት ተሕዋስ ለመግደል ከማይበቃ መጠን፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለድድ በሽታ እንዲሰጥ በ1998 በአሜሪካ ተፈቀደ። ለላይከን ፕላነስ ግን ማስረጃው ገና ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሰው ይህን ንግግር ሰምቶ መድኃኒት ቤት እንዳይሮጥ እንለምናለን። ሁሉንም ኤም ኤም ፒ በአንድ ጊዜ የሚያግዱ ብርቱ መድኃኒቶች፤ ማሪማስታትን የመሳሰሉ፤ በ1990ዎቹ ለካንሰር ተሞክረው የተጠበቀውን ፍሬ አልሰጡም፤ ሕመምተኞቹንም በመገጣጠሚያና በጡንቻ ሕመም አሠቃዩ። ቀደም ሲል እንዳልነው እነዚህ ኤንዛይሞች የቤቱ ጠጋኞችም ናቸውና፤ ሁሉን ሰይፍ መቀማት ቤቱን አያድንም።

እንግዲህ በሐኪሞች እጅ ዋናው መድኃኒት አሁንም በቁስሉ ላይ የሚቀባው ኮርቲኮስቴሮይድ ነው። ለምሳሌ ክሎቤታሶል በ0.05 ከመቶ ቅባት፤ ወይም ትሪያምሲኖሎን በ0.1 ከመቶ በአፍ ላይ በሚጣበቅ ልጥፍ። ኮርቲኮስቴሮይድ አንዱን ኤንዛይም ለይቶ አያግድም። ወደ ሕዋሱ ማኅደር ገብቶ ለብዙ የብግነት ፕሮቲኖች የሚሰጠውን ትእዛዝ ያፍናል፤ ቲ ኤን ኤፍ አልፋና ኮክስ 2 ከነዚህ ናቸው። ስለዚህ ቁስሉ ይደርቃል፤ ማቃጠሉም ይበርዳል። መቀባቱ ሲቆም ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሐኪሙ «ይሻልሃል» እንጂ «ትድናለህ» የማይለው ለዚህ ነው፤ ይህን በግልጥ ለሕመምተኛው መንገር ይገባል። ያልተነገረው ሰው መድኃኒቱ የከሸፈ መስሎት ይተወዋል። የአቀባቡንም ነገር ካነሣን፤ ሥፍራውን በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፤ ቀጭን አድርጎ መቀባት፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል አለመብላትና አለመጠጣት ነው። የአፍ ፈንገስ ሊያስነሣ ስለሚችል ሐኪም ይከታተለዋል። ድዱ የታመመ ሰው ደግሞ ስለሚያመው ጥርሱን መፋቅ ይተዋል፤ ቈሻሻው ሲከማች ብግነቱ ይብሳል። ለስላሳ ብሩሽ፤ ወይም ጫፉ በደንብ የታኘከ መፋቂያ በቀስታ ቢያገለግል ከመተው ይሻላል።

ስለ ካንሰሩ ፍርሃትም ሳንናገር አናልፍም፤ ሕመምተኛው ሌሊት የሚያስበው እርሱን ነውና። የዓለም የጤና ድርጅት የአፍ ላይከን ፕላነስን ወደ ካንሰር ሊለወጡ ከሚችሉ የአፍ ሁኔታዎች መካከል ይቈጥረዋል። ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በዓመታት ውስጥ የሚለወጠው ከመቶ ሕመምተኞች አንዱ ያህል ነው። ስለዚህ ዘጠና ዘጠኙን ማስደንገጥ አያስፈልግም፤ አንዱንም መርሳት አይገባም። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ አፉ በደንብ በብርሃን ይታይ፤ ቀይ ሆኖ የቈሰለው ከነጩ ድር ይልቅ ይጠበቅ፤ የማይድን ወይም የሚደድር ሥፍራ ሲገኝ ሳይዘገይ ቍራጭ ይወሰድ። ትምባሆና አልኮል አደጋውን ይጨምራሉ። እዚህ ላይ የኤንዛይሙ ነገር ተመልሶ ይመጣል፤ ካንሰር ወደ ታች ሲወርር የሚቀደው ያንኑ ሰሌን ነው፤ ከሚቀድባቸውም አንዱ ኤም ኤም ፒ 9 ነው። አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው ኤም ኤም ፒ 9 የበዛበት ላይከን ፕላነስ ወደ ካንሰር ይሄዳል ብለው ይተነብያሉ። ትንቢቱ ምክንያት አለው፤ እስካሁን ግን ሐኪም በሕመምተኛ ፊት ተማምኖ የሚናገረው መለኪያ አልሆነም።

በመጨረሻ፤ ከመካከላችን አንድ ጓደኛ ያነሣውን አሳብ ለመምህሮቻችን እናቀርባለን። ሥጋ መቍረጥ ሳያስፈልግ የሕመምተኛውን ምራቅ በስኒ ተቀብለን፤ በዛይሞግራፊ ኤም ኤም ፒ 9ን ብንለካ ሕመሙ የሚነሣበትንና የሚበርድበትን ጊዜ ልናውቅ አንችልምን? ለዚህ የሚያስፈልገው የጄላቲን ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ምንጭ ነው፤ እጅግ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አሳቡን ስንወያይበት አንድ ዕንቅፋት አገኘን። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶች ኤም ኤም ፒ 9ን ተዘጋጅቶ በከረጢታቸው ይዘውት ይዞራሉ፤ በድድ ዙሪያም ያለማቋረጥ ወደ አፍ ይፈስሳሉ። ድዱ የሚደማ ሰው፤ ላይከን ፕላነስ ባይኖርበትም፤ ምራቁ በኤም ኤም ፒ 9 የተሞላ ይሆናል። በስኒው ውስጥ የጉንጩን ከድዱ የሚለየው የለም። ስለ ሆነም እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ሰው ምራቁን ከመቀበሉ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ድድ መርምሮ መመዝገብ፤ ላይከን ፕላነስ የሌለባቸውን ግን ድዳቸው የታመመውን ሰዎች ለማነጻጸሪያ ማቅረብ፤ የተኛውንና የነቃውን ሽንትር ለየብቻ መለካት፤ ቲምፕ 1ንም አብሮ መመዘን ይኖርበታል። ይህ ሁሉ ቢሟላ መሞከሩ ይገባል እንላለን፤ ባይሟላ ግን ስኒውን ባንሞላው ይሻላል።

መምህሮቻችን በዚህ የማይስማሙበት ነጥብ ካለ አሁን ቢያርሙን በደስታ እንቀበላለን።